ከልደታ ሜዳ እስከ ቦሌ አዳራሽ

ከሳር ቤት አልፎ በብሥራተ ገብርኤል በኩል የሚዘልቀው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈር እስከ ዛሬ ድረስ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። የታክሲ ረዳት ስሙን እየጮኸ ሲጠራ የሚሰማ እንግዳ አይሮፕላን ፍለጋ ቀና ቢል የሚያገኘው የቪላ አጥርና የኤምባሲ በር ነው። ስሙ ግን ያለ ምክንያት አልቀረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ከጀመረበት ከ1938 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ መንገደኞች ወደ ውጭ አገርም ሆነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች የተሳፈሩት በዚሁ አጠገብ ከነበረው ከልደታ ሜዳ ነው። ስለ ሰልፍ ርዝመት፣ ስለ መቀመጫ እጥረት፣ በጠቅላላውም በአይሮፕላን ማረፊያ ስለሚደርስ መጉላላት የሚሰማው ሮሮ ሥሩ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ወደዚህ ሜዳ መመለስ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣ «ፖቴዝ 25» የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ለሕዝብ የሚያገለግለው አየር መንገድ ግን ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል መሠረት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ «ሲ 47» ዳግላሶች ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተሠሩ ታጣፊ አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ዕቃው ከመካከል በሰንሰለት ታስሮ ይጫናል። ይሁን እንጂ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን ጉዞ በሰዓታት ለጨረሰ ሰው አግዳሚው ቆረቆረኝ ማለት የሚያሳፍር ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቹ የጠቅላይ ግዛት ማረፊያዎች የሣርና የአፈር ሜዳዎች ስለ ነበሩ፣ ክረምት ሲገባ ዋናው ጥያቄ አይሮፕላኑ በጭቃው ላይ ማረፍ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነበር፤ የመቆያ ክፍል ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የልደታ ሜዳ የተተወበትን ምክንያት መመርመር ትምህርት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፍ የሚሸከመው ያንሳል፤ የሞተርም ጉልበት ይደክማል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ረጅም መንደርደር ያስፈልገዋል። አየር መንገዱ «ቦይንግ 720» ጄቶችን ለመግዛት በወሰነ ጊዜ የልደታ ማኮብኮቢያ ሊያስተናግዳቸው እንደማይችል ታወቀ። ስለሆነም በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ማኮብኮቢያውና የመቆጣጠሪያው ማማ ለሥራ ደረሱ። ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. ጄቱ የናይሮቢን መሥመር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ከተማይቱ በጄት የሚመጣ እንግዳ የምትቀበልበት ማረፊያ ነበራት። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ከልደታ ወደ ቦሌ መዛወርን ያስገደደው የማኮብኮቢያው ርዝመት እንጂ የመንገደኛው ቅሬታ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ሕጉም ቢሆን የሚያደላው ወደ ማሽኑ ነው። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው የተካፈለችበት የቺካጎው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1944 ከተፈረመ በኋላ ስለ ማረፊያዎች የወጣው አባሪ 14 የማኮብኮቢያውን ስፋት፣ ዝንባሌና መብራት በዝርዝር ይደነግጋል። መንገደኛን የሚመለከተው አባሪ 9 ደግሞ ዋና ዓላማው የፓስፖርትና የጉምሩክ ሥርዓትን ማቀላጠፍ ነው። ማኮብኮቢያው ቢጎድል አይሮፕላኑ አይነሣም፤ ወንበር ቢጎድል ግን መንገደኛው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ በረራው አይቀርም። የሁለቱ ጉድለት እኩል የማይታይበት ምክንያት ይህ ይመስላል።

ይኸው ቅደም ተከተል በቦሌም ተደገመ። በ1990ዎቹ በተካሄደው የማስፋፋት ሥራ አንደኛው ምዕራፍ ለታላላቅ አይሮፕላኖች የሚበቃ አዲስ ማኮብኮቢያ ነበር፤ የመንገደኞች ሕንፃ በሁለተኛው ምዕራፍ ተከተለ፤ በጥር 1995 ዓ.ም.ም ተከፈተ። በሰዓት 3,000 ያህል መንገደኞች እንዲያስተናግድ የታቀደው ይህ ሕንፃ በጊዜው የከተማይቱ ኩራት ነበር። ነገር ግን በሒሳቡ ያልገባ አንድ ወገን አለ፤ ይኸውም ሸኚና ተቀባይ ነው። በአገራችን ሰው ብቻውን አይጓዝም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደውን ልጅ እናት፣ አባት፣ አክስትና ጎረቤት ይሸኟታል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለሰውን ደግሞ ቤተ ዘመድ አበባ ይዞ ይቀበለዋል። በትንሹ ሜዳ ዘመን በተሳፋሪውና በሸኚው መካከል የነበረው ርቀት አጭር ነበር። አዲሱ ሕንፃ ከተከፈተ በኋላ ግን ትኬት የሌለው ሰው ከበሩ አይዘልቅም ተባለና ሸኚው ለረጅም ዓመታት ከመኪና ማቆሚያው ላይ ቀረ፤ ፀሐዩንም ዝናቡንም እዚያው ይቀበለዋል። የጥበቃው ምክንያት የታወቀ ነው። ለሸኚው ጥላ ያለው ቦታ መሥራት ግን ከጥበቃ ጋር የሚጋጭ አልነበረም። ዕቅዱ «መንገደኛ» ሲል ቦርሳ የያዘውን አንድ ሰው ብቻ ስለ ቆጠረ የተረሳ ነገር ነው።

ሌላው ነገር የባለቤትነት ጥያቄ ነው። መንገደኛው ሻንጣው ሲዘገይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሲበላሽ ወይም ሰልፉ ሲረዝም የሚወቅሰው ትኬት የሸጠለትን አየር መንገድ ነው፤ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ፓስፖርት የሚያየው ደግሞ ሦስተኛ ነው። የአይሮፕላን ማረፊያዎች አስተዳደር ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ቡድን ሥር የተጠቃለለው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሕንድም ለተመሳሳይ ሮሮ ሌላ መፍትሔ ሞክራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የዴልሂንና የሙምባይን ማረፊያዎች ለግል ኩባንያዎች ኅብረት አስተላለፈች፤ በ2010 በዴልሂ ግዙፍ ተርሚናል ተከፈተ። ቢሆንም በታኅሣሥ 2022 በዚያው ተርሚናል የፍተሻ ሰልፉ ሰዓታት የሚፈጅ ሆኖ ሚኒስትሩ ራሳቸው ቦታው ድረስ መሄድ አስፈልጓቸዋል። ሕንፃው ሰፍቶ በፍተሻው በር ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ካልበዛ ሰልፉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አያጥርም።

በጥር 2011 ዓ.ም. የተስፋፋው የቦሌ ተርሚናል ሲመረቅ አቅሙ በዓመት ከ7 ሚሊዮን ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች ከፍ እንዳለ ተነገረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አዲስ አበባን ሳያዩ አይሮፕላን ለውጠው የሚያልፉ ናቸው፤ ለእነርሱ ኢትዮጵያ ማለት አዳራሹ ነው። አሁን ደግሞ በጥር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ የሌላ ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኞች ያስተናግዳል ተብሎ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ አይሮፕላኖች የበለጠ ጭነት ይዘው ለመነሣት ይችላሉ። ልደታን ያስተወው የከፍታ ጉዳይ ዛሬም በቦታ ምርጫው ላይ ድምፅ አለው። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኦልድ ኤርፖርት ሰፈር የሚነሣ ሸኚ ይህን መንገድ ሄዶ የሚመለሰው ምናልባት በሌሊት ይሆናል።