ሰባቱ ከዋክብት (የኪዩሹ ባቡር)

በጃፓን ደቡብ በምትገኘው በኪዩሹ ደሴት፣ በፉኩኦካ ከተማ ከሃካታ ጣቢያ ተነሥቶ ደሴቲቱን ከዞረ በኋላ ወደዚያው የሚመለስ፣ የኪዩሹ ምድር ባቡር ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የክብር መንገደኞች ባቡር ነው። ስያሜው የኪዩሹን 7 አውራጃዎችና የባቡሩን 7 ፉርጎዎች የሚያመለክት ሲሆን፣ መልኩን የነደፈው ኤይጂ ሚቶኦካ ነው።

በውስጡ ካለው ጌጥ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚመስጠው በየመኝታ ክፍሉ የተተከለው የሸክላ መታጠቢያ ነው፤ ይኸውም በአሪታ ከተማ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የነጭ ሸክላ ጥበብ የወረሰው ሊቀ ጠበብት 14ኛው ሳካይዳ ካኪኤሞን፣ ባቡሩ ጉዞ በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ ምረቃውን ሳያይ ከማረፉ አስቀድሞ ያበረከተው የመጨረሻ የእጁ ሥራ በመሆኑ፣ በቤተ መዘክር ከመስተዋት በስተጀርባ ሊቀመጥ የሚገባው ንዋይ ለመንገደኛው የዘወትር አገልግሎት መዋሉ፣ በእውነቱ፣ ጥበብን ከሕይወት ያልለየ የከበረ አሳብ ነው።

ረጅሙ ጉዞ 4 ቀንና 3 ሌሊት ይፈጃል፤ ተራራውና ባሕሩም በሰፊ መስኮቶች በዝግታ ያልፋሉ። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው እድሳት ክፍሎቹ ከ14 ወደ 10 ስለተቀነሱ፣ ፈላጊውም ከቦታው ስለሚበልጥ፣ ተሳፋሪዎች የሚመረጡት በዕጣ ነው።