ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት
የደጋው የቡና ቁርስ ታሪክ

በሰሜን ሸዋ፣ በቀየትና በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ቦታዎች፣ ቡና ያለ ቁርስ ሲቀርብ የጎደለ ነገር እንዳለ ይቆጠራል። የቡናው ቁርስ የገብስ ቆሎ ወይም ዳቦ ነው፤ በኋላ ዘመን ደግሞ ቀረፋ የገባበት ጣፋጭ ብስኩት በየቤቱ ይጋገር ጀመር። ብስኩት የከተማ ነገር ነው፣ ያለ ፉርኖ አይሆንም የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ታሪኩና የአጋገሩ ዘዴ ሲመረመሩ ግን የሚገኘው ሌላ ነው።

በደጋው ከቁርሱ ይልቅ እንግዳው ራሱ ቡናው ነበር። ቡና በዚያ ብርድ አይበቅልም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ከአንኮበር በታች ባለው በአሊዩ አምባ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ የሸዋ ክርስቲያን ግን የእስላሞች መጠጥ ነው በማለት ይርቀው እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ነቀፌታው የላላው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይጠጡ ነበርና። ስለዚህ ቡናው ወደ ደጋው ቤት ሲገባ ቆሎው አስቀድሞ በቤቱ ነበረ።

ስኳርና ቀረፋም የየራሳቸው ጉዞ አላቸው። ቀረፋ የስሪላንካና የአካባቢዋ ዛፍ ልጥ ሲሆን፣ ስሙ ከዐረብኛው ‹ቂርፋ› ጋር አንድ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከአፍሪካ ቀንድ ወደቦች ይገዙት ስለነበር አገሩ እዚሁ ይመስላቸው ነበር። ስኳር በአገር ውስጥ በብዛት መመረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙው ቤት ጣፋጩ ማር ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣርማበር በኩል ተቆርጦ ያለፈው የደሴ መንገድም ሸቀጡን ወደ ደጋው አቀረበው።

ዘዴው ግን የቆየ ነው። ‹ብስኩት› የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሆኖ ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው፤ ዓላማውም እርጥበቱን አውጥቶ ለስንቅ ማቆየት ነበር። የእኛው ዳቦ ቆሎ ይህንኑ ይሠራል፦ የስንዴ ሊጥ እንደ ገመድ ይድበለበላል፣ በትናንሹ ይቆረጣል፣ በምጣድ ላይ እየታመሰ እስኪደርቅ ይበስላል። በሊጡ ላይ ስኳርና ቀረፋ ሲጨመር፣ በፍስክ ቅቤ፣ በጾም ዘይት ሲገባበት፣ ከብስኩቱ የሚለየው ቅርጹ ብቻ ነው።

ከላይ የሚመጣውን ሙቀትም ድፎ ዳቦ አስቀድሞ አስተምሯል። በሊጡ ላይ ሌላ ምጣድ ተደፍቶ እሳት ይጫንበታል፤ ‹እንደ ዳቦ ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት› የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ብስኩትም በከባድ ድስት ውስጥ ተደርድሮ፣ በክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ ይበስላል። እሳቱ ከበረታ ስኳሩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ነበልባል ሳይሆን ረመጥ ነው። ከፍታውም የራሱ ሕግ አለው። በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ንፍሮ ይዘገያል፤ በደረቅ ሙቀት የሚበስል ነገር ግን እርጥበቱ ከወጣ በኋላ ይህ ገደብ አይዘውም። አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጥ ፈጥኖ ይነፋል፤ ማስነሻው መቀነስ አለበት።

እዚህ ላይ ለሙያው ሰው የሚቀር ጥያቄ አለ። ዛፍ በሳሳበት ደጋ ማገዶው ኩበት ነው፤ የሚነደውም ኩበት ከማሳው የተነፈገ ማዳበሪያ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ‹ምርጥ› ምጣድ የእንጀራን ማገዶ እስከ ግማሽ ቀንሷል፤ ከላይ የሚመጣውን ሙቀት የሚሹት ድፎ ዳቦና ብስኩት ግን የዚያ ንድፍ ዓላማ አልነበሩም። እንጀራዋን ጨርሳ በምጣዱ ትርፍ ሙቀት ብስኩት የምታበስል እናት፣ መሐንዲስ የባከነ ሙቀትን መልሶ መጠቀም የሚለውን ሥራ ስሙን ሳትጠራ ትሠራዋለች። ለደጋው የሚሆን መጋገሪያ የሚነድፍ ባለሙያ ልኬቱን ከዚያች ምድጃ አጠገብ ቢጀምር፣ ቡናውም ቁርሱን አያጣም፣ ማሳውም ኩበቱን።