ጉልበትን የመመለስ ጥበብ በጎንደር፦ ከወጌሻ እጅ እስከ ፊዚዮቴራፒ

በአማርኛ «ጉልበት» ሲባል ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያም፣ የሰው አቅምና ብርታትም ይታሰባል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ኑሮ ሁለቱ ትርጉሞች ከቶ አይነጣጠሉም፤ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ተዳፋት የሚያርሰው ገበሬ፣ እንስራ አዝላ ከምንጭ ዳገቱን የምትወጣው ሴት፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ቆላ የሚወርደው ነጋዴ ሁሉም ኑሯቸው በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የቆመ ነው። በጎንደር ከተማም ካህኑ በመቋሚያ ተደግፎ ማሕሌት ቆሞ ያድራል፣ ምእመኑ በዐቢይ ጾምና በስቅለት ዕለት ደጋግሞ ይሰግዳል፣ በየቤቱም ሰው በዝቅተኛ በርጩማ ይቀመጣል። ስለዚህ የጉልበት ሕክምና ታሪክ በዚህ አገር የታመመ ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ጸሎቱና ወደ ቤተሰቡ የሚመለስበት መንገድ ታሪክ ነው።

የዚህ ታሪክ ቀዳሚ ባለሙያ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ሰበራን፣ ውልቃትንና ወለምታን በጣቱ ዳስሶ የሚለይ፣ የወለቀውን የሚመልስ፣ የተሰበረውን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ በጨርቅ የሚያስር፣ የደነደነውን ጅማት በቅቤ የሚያሽ የባህል ሐኪም ሲሆን፣ ሙያው አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ እየተወረሰ የኖረ ነው። መንገድና ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን የሕዝቡ መጠጊያ እርሱ ነበር፤ ዛሬም በቅርበቱና ባተረፈው አመኔታ ብዙዎች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ እርሱ ነው። ይሁንና ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ የደም ዝውውር ተቋርጦ እግር እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የኢትዮጵያ ሐኪሞች በተደጋጋሚ መዝግበዋል። ከዚህም ሌላ በወጌሻ ሥርዓት ሕመምተኛው ተቀባይ ነው፤ ይታሻል፣ ይታሰራል፣ እስኪድንም ይተኛል።

ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴ የማከም ሙያ፣ ሥራውን ወደ ሕመምተኛው ያዞረዋል። የሙያው ሥር እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም ከተቋቋመው የሊንግ የጂምናስቲክ ተቋምና በ1894 አራት እንግሊዛውያን ነርሶች ከመሠረቱት የማሳጅ ባለሙያዎች ማኅበር ይመዘዛል። በዚያው ዘመን፣ በ1890፣ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የጉልበት ማጠፊያ በበርሊን ቢተክልም፣ በኢንፌክሽን ምክንያት አልዘለቀም፤ ዛሬ የሚታወቀው ከብረትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ሙሉ የጉልበት ቅየራ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቅየራው ተፍቆ ያለቀውን የአጥንት ጫፍ በሰው ሠራሽ ይተካል፤ በሕመሙ ዓመታት የሟሸሸውን የታፋ ጡንቻ የሚያበረታው ግን ከዚያ በኋላ የሚከተለው የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው።

ጎንደር ወደ ዘመናዊ የጤና ትምህርት የገባችው በሌላ በር ነበር። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን በከተማዋ ከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ስለነበር፣ ባለሙያ ሕሙሙ ወዳለበት ይሄዳል የሚለው ልማድ ከጥንስሱ አብሮት ተተከለ።

በ1971 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም በአገሪቱ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ትምህርት በጎንደር ተከፈተ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ የአካል ተሐድሶ ሕክምና ይበልጥ የሚታወቀው በ1950ዎቹ በተቋቋሙት ሁለት ተቋማት፣ የልጅነት ልምሻ የጎዳቸውን ሕፃናት በተቀበለው በመናገሻው ቼሻየርና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ባከመው አለርት ነበር።

የጉልበት ቅየራ በኢትዮጵያ ዘግይቶ የመጣና ዛሬም በጥቂት ሆስፒታሎች የተወሰነ ሕክምና ቢሆንም፣ ከእርሱ በኋላ የሚሰጠው ተሐድሶ የፊዚዮቴራፒን ምንነት በግልጽ ያሳያል። ታካሚው በተቻለ መጠን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ በድጋፍ ይቆማል፤ ደም እንዳይረጋ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል፣ የታፋውን የፊት ጡንቻ ያጠብቃል፣ ጉልበቱ ታጥፎ እንዳይቀር ሲተኛ ትራስ ከሥሩ አያደርግም። ዳገት ሲወጣ ደኅነኛው እግር፣ ቁልቁለት ሲወርድ የታከመው እግር ይቀድማል። ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት 70 ዲግሪ ያህል ቢታጠፍ ይበቃል፤ ደረጃ ለመውጣትና ከወንበር ለመነሣት 90 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ቁጢጥ ለማለትና ለመስገድ ግን ከ120 በላይ መታጠፍ አለበት፣ የተቀየረ ጉልበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ይቆማል። ስለዚህ ለጎንደር ታካሚ የባለሙያው ምክር በርጩማውን ከፍ ባለ ወንበር መተካትን፣ መጸዳጃውን ማመቻቸትን፣ ስግደቱንም ቆሞ ጎንበስ በማለት መፈጸምን ይጨምራል።

እንዲህ ያለው ምክር የሚሠራው የታካሚው ቤትና ደጅ ሲታወቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የተመሠረተው ትብብርና ተከትሎት የመጣው የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰው የዕለት ተግባሩን መልሶ እንዲያከናውን የሚያስችል ሙያ፣ ትምህርት ይህን ዕውቀት ወደ መንደር የማድረስ ሥራ ናቸው፤ የ1947ቱ ኮሌጅ ልማድም በእነርሱ ይቀጥላል። ወጌሻውም ከዚህ ሥራ ውጭ ሊቀር አይገባም። የመንደሩን አመኔታ የያዘው እርሱ ስለሆነ፣ ማሰሪያን ማላላትና ሕሙሙን በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክን ቢማር፣ ከሆስፒታል የተመለሰውንም በየጠዋቱ እንዲንቀሳቀስ ቢያበረታታ፣ በደጋው ተዳፋት ላይ ብዙ ጉልበት ከሁለቱም ትርጉሙ ጋር ይድናል።