ፊሽካው ሲነፋ፦ የወረርሽኝ ሕግ ሲላላ ሕዝብ ምን ይሰማል?

እስኪ ዛሬ ስለ አንድ ቀን ላውራችሁ። ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1918።

ኅዳር 12ን ሁላችንም እናውቃታለን። "ኅዳር ሲታጠን" ብለን ግቢ ጠርገን፣ ቆሻሻውን ሰብስበን፣ በየደጁ ጭስ የምናጨስባት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ናት። ልማዱን ብዙ ሰው የሚያያይዘው በዚያ ዓመት ከገባው ወረርሽኝ ጋር ነው። ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ያለውን እኛ "የኅዳር በሽታ" አልነው። በዚያ ወር አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል።

ታዲያ በዚያችው ኅዳር 12 ቀን፣ ከባሕር ማዶ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ፊሽካ ተነፋ። ሕዝቡ ለአንድ ወር ያህል በግዴታ አፍና አፍንጫው ላይ አስሮት የነበረውን ማስክ እየፈታ መንገድ ላይ ወረወረው። ያኔ ማስክ የሚሠራው ከጎዝ ነበር፤ ቁስል ከሚሸፈንበት ከዚያው ከሳሳው ነጭ ጨርቅ። የእግረኛ መንገዱ በተጣለ ጎዝ ተሞላ። ሰው ተቃቀፈ። "አለቀ!" ተባለ።

አላለቀም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ "አለቀ" ስለምትባል ቃል ነው። ወረርሽኝ ሲገባ ስለሚወጣው ሕግ ብዙ ተጽፏል። ሕጉ ሲላላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አይወራም። እኔ ደግሞ ታሪክን ሳነብ ሰው ይበልጥ ግራ ሲጋባ የማገኘው ሲዘጋ ሳይሆን ሲከፈት ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ፦ አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ዙር

ከተማዋ የማስክ ሕግ ያወጣችው በጥቅምት 1911 (ኦክቶበር 1918) አጋማሽ ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቶችና ቴአትር ቤቶች ተዘግተው ነበር። የከተማዋ ጤና ኃላፊ ዶክተር ዊልያም ሃስለር የማስክ ነገር ሲነሣባቸው ፍንክች የማይሉ ሰው ነበሩ። ማስክ ያላደረገ ይቀጣል፣ ይታሰራል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም ታስረዋል። የሚያስቀው፣ ከንቲባው ጄምስ ሮልፍ ራሳቸው ቦክስ ሊያዩ ሄደው ያለ ማስክ በመገኘታቸው ተቀጥተዋል።

የታማሚው ቁጥር ቀነሰ። ኅዳር 2 ቀን አንደኛው የዓለም ጦርነት ቆመ ሲባል ሕዝቡ ማስኩን እንዳደረገ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ከዚያ በ10ኛው ቀን ፊሽካው ተነፋ።

ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ የታማሚው ቁጥር ዳግም ማሻቀብ ጀመረ። ጤና ኃላፊው "ማስካችሁን መልሱ" ብለው ለመኑ። በፈቃደኝነት የመለሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ነጋዴው የገና ገበያዬ ይበላሽብኛል አለ። የከተማው ምክር ቤት ማስኩን እንደገና ግዴታ ለማድረግ የቀረበለትን ሐሳብ በታኅሣሥ ውስጥ በድምፅ ብልጫ ጣለው። በጥር ግን ሞቱ ሲበዛ ተገዶ መለሰው፤ ጥር 9 ቀን ሕጉ እንደገና ጸና።

አሁን ግን ሕዝቡ የቀድሞው ሕዝብ አይደለም። በጥቅምት ሳያጉረመርም ያሰረውን ጨርቅ በጥር "ነፃነቴን ነካ" አለው። "ፀረ-ማስክ ሊግ" የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ሺዎች የተገኙበት ስብሰባ አደረገ። ሕጉ በተመለሰ በሁለት ሳምንቱ፣ ጥር 24 ቀን፣ ዳግመኛ ተነሣ። በዚያ በሽታ ከተማዋ ከ3,000 በላይ ሰው ቀበረች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያው ጨርቅ፣ ያው በሽታ፣ ያው ከተማ ነው። ምን ተለወጠ? ፊሽካው ነው የለወጠው። ፊሽካ የሚያውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ "ጀምር" እና "አቁም"። "ቀንሷል፣ ግን ተጠንቀቁ" ብሎ የሚነፋ ፊሽካ የለም። "አለቀ" የተባለን ሰው በማግስቱ "አላለቀም" ብትለው የሚጠረጥረው በሽታውን ሳይሆን አንተን ነው።

ለንደን፦ "ንቁ ሁኑ" ማለት ምን ማለት ነው?

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ በመጣው ኮሮና ደግሞ ችግሩ በተቃራኒው ሲሆን አየን። ፊሽካው ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን የሚገባው ሰው ጠፋ።

ሜይ 10 ቀን 2020፣ እሑድ ማታ፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀረቡ። ለሳምንታት ሕፃን ልጅ እንኳ የሸመደደው "እቤት ቆዩ" የሚለው መፈክር ተነሥቶ "ንቁ ሁኑ" በሚል ተተካ። እቤቱ ሆኖ መሥራት የማይችል ሥራ ይግባ ተባለ፤ ግን ከተቻለ አውቶቡስና ባቡር አይጠቀም። ታዲያ መኪና የሌለው የጽዳት ሠራተኛ በምን ይሂድ? ደግሞስ ከነገ ጀምሮ ነው ከረቡዕ? ዝርዝሩ የወጣው ከንግግሩ በኋላ ነው። የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ መሪዎች ደግሞ "እኛ ጋ አሁንም እቤት ቆዩ ነው" አሉ። በአንድ አገር ውስጥ ድንበር የተሻገረ ሰው ሕጉ ተለወጠበት ማለት ነው።

እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንክብካቤ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሱቅ፣ ታክሲ ላይ የሚሠሩ ናቸው። "እቤት ቆዩ" ሲባልም እቤት ያልቆዩ ሰዎች ናቸው። "ንቁ ሁኑ" ሲባል በቀን ስንቴ የሰው ትንፋሽ ለሚቀበል ሰው ምን የሚጨምርለት ነገር አለ? እንዲህ ዓይነቱ ቃል ኃላፊነትን ከመንግሥት ትከሻ አውርዶ በግለሰቡ ትከሻ ላይ ይጭነዋል፤ መሸከሚያውን ግን አይሰጠውም።

አዲስ አበባ፦ ነጋሪት ሲጎሰምና ዝም ሲባል

ወደ ቤታችን እንመለስ።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለአምስት ወር። አዋጁ በታወጀ ዕለት በመላ አገሪቱ በምርመራ የተገኘው ታማሚ ሃምሳ ምናምን ሰው ነበር። ሃምሳ! እና ምን ያህል እንደፈራን አስታውሱ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የጠፋበትን፣ በየሱቁ ደጃፍ ውኃና ሳሙና የተቀመጠበትን፣ በክርን ሰላም የተባባልንበትን ጊዜ።

አዋጁ በ2012 መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ያኔ የተመዘገበው ታማሚ ስንት ነበር? ከ50 ሺህ በላይ። የሞተው ደግሞ ከ800 በላይ።

ልብ በሉልኝ። በሃምሳ ታማሚ ተዘጋ፤ በሃምሳ ሺህ ተከፈተ። በእርግጥ በመሃል ምርመራው በጣም ሰፍቷል፤ ቁጥሩ የዚያም ውጤት ነው። ግን ተራው ሰው ይህንን እንዴት ይረዳው? ሃምሳ ሲሆን "ቤትህ ግባ" ተብሎ፣ ሃምሳ ሺህ ሲሆን "ውጣ" ከተባለ ሁለት ነገር ብቻ ያስባል፤ ወይ ያኔ ዋሽተውኛል፣ ወይ አሁን ትተውኛል። ሁለቱም ሰፈር ውስጥ ሲባሉ ሰምተናል። "ድሮም የለም" የሚለው ወሬ እግር ያወጣው ያኔ ነው።

በእኔ አስተያየት እውነቱ ከሁለቱም ውጭ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ወያላው አምስት ወር ችለው ስድስተኛውን የሚችሉበት አቅም አልነበራቸውም። መላላቱ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም። ጓዳው ባዶ የሆነን ሰው ዘግተህ አታኖረውም። የጎደለው፣ "በሽታው አልጠፋም፤ የከፈትነው ራብ እንዳይቀድመን ብለን ነው፤ ስለዚህ እንዲህ እንዲህ አድርጉ" ብሎ በግልጽ የሚነግር ነው።

በአገራችን ወግ አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰማል። ሲያበቃ ግን ነጋሪት አልነበረውም፤ ጊዜው ደረሰና አበቃ፣ በቃ። ወዲያው በመስከረም 2013 የጤና ሚኒስቴር "መመሪያ ቁጥር 30" የሚባል አወጣ። ማስክ ግዴታ ነው፣ መጨባበጥ ክልክል ነው፣ ርቀት ይጠበቅ ይላል። ማለትም ብዙው ክልከላ በሌላ ስም ቀጥሏል። ግን ስንቱ ሰው አወቀው? አዋጁ ማብቃቱን የሰማ ጆሮ መመሪያውን አልሰማም። በዚያው መስከረም ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ የነበረው ምርጫ እንዲካሄድ ፓርላማው ወሰነ። ሕዝቡ የሰማው ያንን ነው፤ "ምርጫ ከተቻለማ ለቅሶ ምን ይከለክለዋል?"

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የዘነጋው። ያ አዋጅ የሚከለክል ብቻ አልነበረም፤ የሚጠብቅም ነበር። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳይበትን የሚከለክል ድንጋጌ ነበረበት። አዋጁ ሲያበቃ ያ ከለላም አብሮ አበቃ። አንዱ "እፎይ፣ ነፃ ወጣን" ሲል፣ ሌላው "አከራዬ ነገ ምን ይለኝ ይሆን" ብሎ የሚያድርበት ቀን ያው አንድ ቀን ነው። "ሕጉ ላላ" ሲባል ለማን እንደላላ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

በጥቅምት 2013 ማብቂያ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ የኮሮና ወሬም ከሁላችንም አፍ ጠፋ። በመጋቢት 2013 ክትባት መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ወር ግን በሽታው እስከዚያ ካየነው ሁሉ በረታ። በቀን ከ2,000 በላይ ሰው የተያዘበት ቀን መጣ፤ በድምሩ ከ200 ሺህ አለፈ። ኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ፍለጋ ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ተንከራተተ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ያየነው ማስክ አብዛኛው አገጭ ላይ ነበር። ከዓመት በፊት በሃምሳ ሰው የተንቀጠቀጠ ከተማ ነው እንግዲህ ይሄ።

ሕዝቡ ደነዘዘ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን የሳን ፍራንሲስኮን ጥር አስታውሳለሁ። አንዴ "አለቀ" ብሎ የሰማን ሰው፣ ማንም ሳያስረዳው፣ በራሱ "አላለቀም" ብሎ እንዲኖር መጠበቅ ከባድ ነው። ያም ሆኖ ያላወለቁ ነበሩ። ወላጆቻቸውን ለማየት በር ላይ ቆመው ሰላም ብለው የሚመለሱ ልጆች፣ ለቅሶ ደራሹን ውጪ በድንኳን ያስቀመጡ ዕድሮች፣ ማስክ ያላደረገ አላስገባም ያሉ ባለሱቆች። እነሱን ያዘዛቸው የለም። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ናቸው።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ፣ አያምጣው እንጂ፣ ከመዝጊያው አዋጅ እኩል የመክፈቻው አዋጅ ይታሰብበት እላለሁ። ሲከፈት ነጋሪቱ እንደገና ይጎሰም። ምን እንደተነሣ፣ ምን እንደቀረ፣ ለምን እንደተነሣ፣ ቁጥሩ ስንት ሲደርስ እንደሚመለስ ከወዲሁ ይነገር። ሰው እውነቱን ሲነግሩት የሚሸከመውን ያህል፣ ዝም ሲሉት አይሸከምም።

እናንተስ? አዋጁ ያበቃ ሰሞን ሰፈራችሁ ውስጥ ምን ይባል ነበር? ለቅሶውን፣ ሠርጉን፣ ታክሲውን እንዴት አደረጋችሁት? የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ነገ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰው ያንን ነው።