የኮንጎ ወታደሮች በወለጋ

በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ «ጋምቤላ» የሚባል ታዋቂ ገበያ አለ። እዚያው ከተማ ውስጥ አሶሳ የሚባል ጎዳና፣ ሳዮ የሚባልም መንገድ ይገኛል። ሳዮ የደምቢ ዶሎ የቀድሞ ስሟ ነው። እነዚህን ስሞች ከምዕራብ ኢትዮጵያ ይዘው ወደ ኮንጎ የተመለሱት በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ የበላይ አዛዥነት ሥር ሆነው ፋሺስት ጣሊያንን የወጉ ወታደሮች ናቸው።

የ1933ቱ የነፃነት ዘመቻ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የጎጃሙ ግንባር ነው። እዚያ ለዘመተው እንግሊዛዊ መኮንን ለዊንጌት በስሙ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተሰይሞለታል። በምዕራብ የተዋጉት የኮንጎ ወታደሮች ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይወሱም። ይህ ትልቅ የታሪክ ዕዳ ነው።

ወለጋ ከእንግሊዝ ጋር የተዋወቀችው ከጦርነቱ በፊት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በፈረሙት ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አገኙ። የወለጋ ቡናም በሳዮ በኩል ወርዶ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ማግስት ደግሞ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔርና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች፣ ጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን አርስኪን በኩል፣ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንድትጠበቅ ጠየቁ። ለንደን አልተቀበለችውም።

የጥቁር አንበሳ አርበኞች በበኩላቸው የማንንም መልስ አልጠበቁም። ሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ተገደሉ። ከጣሊያኖቹ ቡድን በሕይወት የተረፉት ቄስ ቦሬሎ ብቻ ናቸው። ነቀምቴ በአጸፋው በቦምብ ተደበደበች። የዚያ ዘመን የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ዛሬም በነቀምቴው የወለጋ ሙዚየም ይታያል።

እንግሊዝ ወደ ምዕራብ ፊቷን የመለሰችው ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦርነት ካወጀባት በኋላ ነው። ለዚህ ግንባር የሚተርፍ ጦር ግን አልነበራትም። አጋሯ ቤልጅግም ራሷ በጀርመን ተይዛ ነበር። ቅኝ ግዛቷ ኮንጎ ግን ጦር ነበራት፤ ስሙም ፎርስ ፑብሊክ ይባላል። መኮንኖቹ ነጮች፣ ተራ ወታደሮቹ ኮንጎዎች ነበሩ። ይህ ጦር በባቡር፣ በጀልባና በካሚዮን ሱዳንን አቋርጦ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን፣ መጋቢት 14 ቀን ጋምቤላን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። ጣሊያኖች ሳዮ ላይ፣ ከደጋው አፋፍ ሆነው ቆላውን ቁልቁል ያዩታል። የኮንጎ ወታደር ከታች ነው። ሚያዝያ ላይ ቦርታይ ወንዝ ዳር ውጊያ ቢደረግም ከተማዋ አልተያዘችም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ብቻ ስለሆነ፣ በበጋው ስንቅ የሚመጣበት መንገድ የለም። ወታደሩ ለሳምንታት በጥቂት ምግብ ተይዞ ቆየ፤ ተቅማጥና ቤሪቤሪ በጥይት ከወደቁት የሚበልጡትን ጨረሱ። ያም ሆኖ ከበባውን አልለቀቀም። ዝናቡ ሲጀምር ወንዙ ሞላ፤ ስንቅና ተጨማሪ ጦር ደረሰ፤ ጄኔራል ጊሊያርትም የኮንጎውን ጦር አዛዥነት ያዘ።

በሌላ በኩል በእንግሊዝ ሥር የነበሩ የምሥራቅ አፍሪካና የናይጄሪያ ወታደሮች የኦሞን ወንዝ ተሻግረው ነበር። ጅማ ሰኔ 14 ቀን ወደቀች። በዚህ ዘመቻ የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞችም ተሳትፈዋል። የጣሊያን ጦር የበላይ የነበረው ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ መውጫ አጣ። ይህ ሰው በሙሶሊኒ ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበረ ሲሆን፣ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ የእንደራሴነቱን ሥልጣን የወረሰም እርሱ ነው።

ሰኔ 26 ቀን ጊሊያርት ሳዮን አጠቃ። በዚያው ቀን ነጭ ባንዲራ የሰቀሉ የጣሊያን መኪኖች ወደ ኮንጎዎቹ መስመር ቀረቡ። ጋዜራን ጨምሮ 9 ጄኔራሎችና ከ6,000 በላይ ወታደሮች እጃቸውን ሰጡ፤ ከማራኪዎቹ ተማራኪዎቹ ይበዙ ነበር። ከዚህ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር የቀረው ዋና የጣሊያን ጦር በጎንደር የነበረው የጄኔራል ናሲ ጦር ነው፤ እርሱም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆየ።

ኮንጎዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኋላም ከመካከላቸው ወደ ናይጄሪያና ወደ ግብፅ የዘመቱ አሉ። ኮንጎ ራሷ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ሳዮ ከተያዘች 19 ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው።