ኩፍኝ በየጁ መንገድ

በወሎ፣ በየጁ፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጓዳ ይገባል። ፀሐይ እንዳያገኘው መስኮቱ ይዘጋል፣ ከደጅ የሚመጣ ሰው ሽታ ይዞበት እንዳይገባ ይከለከላል፣ ቡናም ይፈላል። ከሁሉ የከረረው ክልከላ የመርፌው ነው፤ ሽፍታው ወጥቶ ሳያልቅ መርፌ የነካው ልጅ አይተርፍም ይባላል። ይህ ልማድ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ብዙ ክፍል የሚጋራው ነው። ሁሉም ከንቱ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ታማሚውን ለብቻው ማስተኛቱ የጎረቤትን ልጅ ሳያተርፍ አልቀረም።

ጓዳ የተኛው ልጅ ድንገት ዓይኑን ገልብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ከኩፍኝነት ይወጣል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያስሸትተዋል፣ ሌላው የብረት ቁልፍ ያስጨብጠዋል። ከዚያ ወዲያ የሚፈለገው ሰውም ሌላ ነው። ክርስቲያኑ ልጁን ጠበል ይወስዳል፤ እስላሙ ሼሁ ዘንድ ዱዓ ያስደርጋል፣ ቡናና ጫት ቀርቦ ወዳጃ፣ ማለትም የኅብረት ዱዓ፣ ይያዛል። ወሎ ነውና አጥሩ ጥብቅ አይደለም፤ ወዳጃው ላይ ክርስቲያን፣ ጠበሉ ዘንድ እስላም አይታጣም። ሽፍታውን የምታስታምመው እናት ነበረች፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ ልክፍት ተብሎ ወደ ቄስና ወደ ሼህ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ በሽታ ነው ብሎ የሚያያይዝ አልነበረም።

የሚያያይዛቸው ትኩሳቱ ነው። ኩፍኝም ይሁን ተራ ጉንፋን ያመጣው ትኩሳት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፣ ጉዳትም አይተውም። ክብሪት ዝናውን ያተረፈው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ተፈልጎ ተገኝቶ እስኪጫር ድረስ መንቀጥቀጡ ሊያልቅ ተቃርቦ ይሆናልና። ከአምስት ደቂቃ ያለፈው ግን በመድኃኒት ካልቆመ በራሱ ለመቆም ይቸግረዋል፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየም አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ኩፍኝ ከዚህም ይብሳል። ከ1,000 ታማሚዎች በአንዱ ገደማ የአንጎል ብግነት ያስከትላል፤ ከሞት የተረፈው መስማት ሊሳነው ወይም የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል። እጅግ ጥቂት ልጆች ደግሞ ድነው፣ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያህል ቆይቶ ትምህርቱ ይጠፋባቸዋል፣ ሰውነታቸው እየደነገጠ ይወድቃሉ፣ ቀስ በቀስም ይሞታሉ። ያኔ ያን የልጅነት ኩፍኝ ማን ያስታውሰዋል?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሃብ ሕዝቡ ከየተራራው ወርዶ በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞች ተጠለለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ከወልድያ በስተሰሜን ያለችው ኮረም በመጠለያዋ በዓለም ሁሉ ታወቀች። በመጠለያ ጓዳ የለም። ልጆች ጎን ለጎን ተኙ፣ ኩፍኝም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደልቡ ተዛመተ። የተራበና ቫይታሚን ኤ ያጣ ሰውነት ኩፍኝን አይቋቋምም፤ በመጠለያዎቹ ከገደሉት በሽታዎች አንዱ እሱ ነበር። በዚያ ሁሉ ሞት መካከል የተንቀጠቀጠን ልጅ ለይቶ የሚመዘግብ አልተገኘም።

እንዲህ ያለው ቆጠራ የተካሄደው ሌላ ቦታ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱን አሳተሙ። ከነርቭ በሽታዎች አንደኛ ሆኖ የተገኘው የሚጥል በሽታ ነበር፤ ከ1,000 ሰው 5.2። ቀጥሎ ከ1,000 ሰው 2.4 ሆኖ የመጣው ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት ነው፤ ፖሊዮም ብዙውን ልጅ ያለ ምልክት ወይም እንደ ተራ ትኩሳት ነክቶት የሚያልፍ፣ ጥቂቱን ግን አከርካሪው ድረስ የሚከተል ቫይረስ ነው።

በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ ክትባት ያን የተፈራ መርፌ በዘጠኝ ወሩ ሕፃን ክንድ ላይ አመጣው። ለሚጥል በሽታ ደግሞ ርካሹ ፌኖባርቢታል ጤና ጣቢያ ድረስ ወረደ። ጠበሉና ዱዓው አልቀሩም፣ መቅረትም የለባቸውም፤ ችግሩ ኪኒኑን አቁሞ መሄዱ ላይ ነው። ፌኖባርቢታልን ድንገት ያቋረጠ ሰው አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል።

ለማቋረጥ ግን ጠበል ብቻ ምክንያት አልሆነም። ለ15 ወር ሕፃናት የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እንደሆነው፣ በነሐሴ 2013 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያ ደረሰ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ውስጥ ስትቆይ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙም። ክትባት መብራትና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ፌኖባርቢታል በየወሩ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። በእነዚያ ወራት ሁለቱንም ማግኘት ከባድ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በአገሪቱ በርካታ ክልሎች የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሣ።