አይጠየፍ፤ ስለ አንድ አዳራሽ ስምና ስለ መንግሥት ቤት

የመንግሥት ቤት ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በግንበኛ እጅ፣ ኋላም ስም በሚያወጣለት ሰው አንደበት። ግንቡ በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል፤ ስሙ ግን የአገር ሰው እስካልረሳው ድረስ ባለቤቱን ሲጠይቅ ይኖራል። ስለዚህ ስለ ደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወጣ መንገደኛ በጦሳ ተራራ ግርጌ ደሴን ያገኛል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በስፍራው ሰፍረው ሳሉ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ ቢያዩ፣ ከደስታቸው የተነሣ ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል። ኋላም ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው አደረጓት፤ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑባት። አይጠየፍ በእርሳቸው ግቢ የታነጸ የግብር አዳራሽ ነው።

ስሙን ብዙ ሰው «ማንንም የማይንቅ» ብሎ ይተረጕመዋል። ይህ ለጌታው ምስጋና ነው። ነገር ግን ቃሉን በሰዋስው ብንመረምረው፣ «አይጠየፍ» እንደ «አይሂድ» እንደ «አይንካ» የትእዛዝ አንቀጽ ሆኖ ይገኛል። ለስም ሲሆን መጨረሻው ፊደል ይጐድላል የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማልና። ቅኔም የሚወደው እንዲህ ያለውን ኅብር ነው። ሰሙ ጌታውን ያመሰግናል፤ ወርቁ ጌታውን ያዝዛል።

ትእዛዙም ቀላል አልነበረም። በግብር ሥርዓት መኳንንቱ አስቀድመው ይቀመጣሉ፤ ወታደሩ በየማዕርጉ ይከተላል፤ ድኻው በመጨረሻ ይገባል፤ አጋፋሪው በበሩ ቆሞ የእያንዳንዱን ተራ ይለያል። በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ክርስቲያንና እስላም ጐረቤት ሆነው፣ ተጋብተውም ሲኖሩ፣ በሥጋ ማዕድ ግን ይለያያሉ። ንጉሡ ራሳቸው አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በዚያ ዘመን ብዙ የወሎ እስላም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገዷል፤ የተሰደደም፣ የተዋጋም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት አገር «አይጠየፍ» ብሎ ቤት መሰየም በራስ ላይ ዳኛ ማቆም ነው።

ይልቁንም «ግብር» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ገባሩ ከእርሻው ከፍሎ የሚያገባው ግብር ይባላል፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም ግብር ይባላል። እህሉ፣ ማሩና ሠንጋው ከገበሬው ጐተራና በረት የወጣ ነውና፣ ድኻው በመጨረሻ ገብቶ ሲበላ የገዛ ላቡን ይበላ ነበር። እንግዲያስ እርሱን አለመጠየፍ ዕዳን መክፈል እንጂ ቸርነት አይደለም።

ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ሁለት ዓመትም ሳይሞላ በግዞት አረፉ። የቤታቸው ስም ግን ዛሬም ይጠራል።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የብራዚል ሰዎች ዋና ከተማቸውን ከባሕር ዳር ከሪዮ ዴ ጃኔሮ አንሥተው በአገራቸው መካከል ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ሠሩ። የከተማውን ንድፍ ሉሲዮ ኮስታ፣ የመንግሥቱን ቤቶች ኦስካር ኒማየር ነደፉ፤ ከተማው ብራዚሊያ ተብሎ ሚያዝያ 13 ቀን 1952 ዓ.ም. ተመረቀ። የፕሬዚዳንቱ መሥሪያ ቤት ፕላናልቶ ይባላል፤ ትርጓሜው «ደጋ ሜዳ» ነው። ግድግዳው መስተዋት፣ ዓምዱ ነጭና ቀጭን፣ መውጫው ደረጃ የሌለው ተዳፋት ነው። ከተማውን በእጃቸው ከሠሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ከንድፉ ውጭ ባሉ መንደሮች ሰፈሩ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሉላ በዚያ ተዳፋት ከሕዝቡ ከተውጣጡ ሰዎች ጋር ወጡ፤ የሹመቱንም መታጠቂያ ቆሻሻ ለቅማ የምታድር ሴት አጠለቀችላቸው። በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በምርጫው የተቈጣ ሕዝብ መስተዋቱን ሰብሮ ገባ። መስተዋት ውስጡን ያሳያል፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት ግን አይወስንም።

በእኛም ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የምኒልክ ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጐብኚ ተከፍቷል፤ የከተማ ሰውም የመግቢያውን ዋጋ እየከፈለ የነገሥታቱን አዳራሽ ያያል። ማየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥት የሚጐበኝ ሰው ዓምዱን ቈጥሮ ጣራውን አድንቆ ብቻ አይመለስ። ይህ ቤት በማን ግብር ተሠራ? አጋፋሪው ማንን ያስቀድማል፣ ማንንስ ያቈያል? ብሎ ይጠይቅ። የደሴው አዳራሽ መልሱን በአንድ ቃል አስቀምጦታል፤ ቃሉም የሚያዝዘው በሩን የሚጠብቀውን ሁሉ ነው።